ማዕረጉ ለማን ይመሰክራል?

ከቁምስናችን ምእመናን መካከል አንድ ርዕሰ መምህር አሉ። ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ በምትገኝ አንዲት የገጠር ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት አገልግለዋል። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች በራቸውን ሲዘጉ የእርሳቸውም ትምህርት ቤት ተዘጋች፤ እርሳቸውም ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ባሕር ዳር ገቡ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ እኛ ቀርበው፥ «አባ፥ በትምህርት አመራር የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት ለመጀመር ዕድል አግኝቻለሁ፤ ነገር ግን ልቤ አልተረጋጋም። ልጆቹ በየስፍራው ተበትነዋል፤ እኔ ደግሞ አመራር ልማር እሄዳለሁ። የምመራው ማንን ነው?» አሉን።

እኛም ብዙ ሳናስብ፥ «ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ሳለ ቢማሩ ምን ክፋት አለው? ይሂዱ፤ ማዕረጉን ሲያገኙ ከአሁኑ ይልቅ ይጠቅማሉ» ብለን መለስንላቸው። እርሳቸው ግን በመልሳችን አልረኩም። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፥ «ማዕረጉማ ለእኔ ነው፤ ለልጆቹስ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁን። በዚያች ሰዓት የምንመልሰው አልነበረንም። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበውም ያን ጊዜ ሊሰጥ ይገባው የነበረውን መልስ ዘግይተንም ቢሆን ለመፈለግ ነው።

ጥያቄው የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በትምህርት ፖሊሲና አመራር እስከ ሦስተኛ ዲግሪ ድረስ ይሰጣል፤ በሌሎችም ከፍተኛ ተቋማት ርዕሳነ መምህራን፥ ሱፐርቫይዘሮችና የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች በዚሁ ሙያ ይማራሉ። ይህ መልካም ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ዓ.ም. 2ኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫ የመምህርነት ጥሪ ልዩ የአእምሮና የልብ ስጦታን፥ ጥንቃቄ የተሞላበት ዝግጅትንና ዘወትር ለመታደስ ፈቃደኛ መሆንን እንደሚጠይቅ አስተምሯል። ስለዚህ መማር ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው አያከራክረንም። የሚያከራክረን በምን ልብ፥ ለማን ጥቅምና በምን ዓይነት እውነተኛነት መማር እንደሚገባ ነው።

በአገራችን ቋንቋ ለዚህ ጥያቄ መንገድ የሚከፍት አንድ ቃል አለ። ትምህርቱን ለፈጸመ ሰው የሚሰጠውን ጽሑፍ «የምስክር ወረቀት» እንለዋለን። ቃሉ የጥንቱን የአብነት ትምህርት ቤት ያስታውሰናል። ተማሪው አኩፋዳውን አንግቦ፥ ቁራሽ ለምኖ፥ ከዋሸራ ወይም ከጎንጅ ቅኔን፥ ከሌላውም ስፍራ ሌላውን ተምሮ በመጨረሻ ወደ ምስክር ቤት ይሄዳል፤ ለድጓ በጋይንት ወደምትገኘው ቤተልሔም፥ ለዝማሬና ለመዋሥዕት ወደ ዙር አባ። በዚያም የሚያውቀውን በመምህሩ ፊት ያሳያል፤ መምህሩም ይመሰክሩለታል። በዚህ ጊዜ «አስመሰከረ» ይባላል። ልብ በሉ፤ ተማሪው ራሱ ስለ ራሱ አይመሰክርም። ሌላ ሰው፥ ያየና የሰማ ሰው፥ ስለ እርሱ ይመሰክራል። ምስክርነቱም «ይህ ሰው ወንበር ዘርግቶ ሌላውን ማስተማር ይችላል» ማለት እንጂ «ይህ ሰው ከሌላው ይበልጣል» ማለት አይደለም።

ከባሕር ማዶ የመጣው ስምም ቢሆን ከዚህ አይርቅም። «ዶክተር» የሚለው ቃል ማስተማር ከሚል የላቲን ግሥ የወጣ ነው። ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ይህን ማዕረግ በትምህርታቸው ምእመናንን ላነጹ ቅዱሳን ትሰጣለች። እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ24 ዓመቷ ያረፈችውን፥ የዩኒቨርሲቲ ደጅ ያልረገጠችውን የሊዝዩ ቅድስት ተሬዛን በዚሁ ማዕረግ ሰይመዋታል። እንግዲህ በጥንቱም አሳብ ሆነ በቤተ ክርስቲያን አሳብ ማዕረግ ለሌላው የሚሰጥ አገልግሎት ስም ነው።

ታዲያ ትምህርት ቤት የሚመራ ሰው ምርምር ለምን ያስፈልገዋል? ሥራውን በልምድ ቢሠራ አይበቃምን? የዘመናችን ሁኔታ እንደማይበቃ ያሳየናል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ተፈታኞች ለ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን 3.3 በመቶ፥ ለ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፥ ለ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፥ ለ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። በአራቱም ዓመታት ከመቶ ልጆች ከዘጠና የሚበልጡት ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል ማለት ነው። ውጤቱ በተነገረ ቁጥር ወላጅ መምህሩን፥ መምህሩ ወላጁን፥ ኃላፊው ተማሪውን፥ ተማሪውም ሁሉንም ይከሳል። መክሰስ ግን ማወቅ አይደለም። ሐኪም በሽተኛውን ሳይመረምር መድኃኒት ቢያዝዝ እናወግዘዋለን፤ በትምህርት ቤት ግን ሳንመረምር የምናዝዘው መድኃኒት ብዙ ነው።

ይህን የምንናገረው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ እኛም በደለኞች ነንና። ከዓመታት በፊት በጣና ዳር የሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት እንድናስተዳድር ኃላፊነት ተሰጥቶን ነበር። ጠዋት ጠዋት የሚያረፍዱ ልጆች ነበሩ፤ እኛም ከበሩ ሥር እናንበረክካቸው ነበር። ይህን ግማሽ ዓመት ያህል አደረግን። ማርፈዱ ግን አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጥቂቶቹ ልጆች ጨርሰው ቀሩ። አንድ ቀን ሽማግሌው ዘበኛ፥ «አባ፥ እነዚህ ልጆች እኮ የዓሣ አጥማጆች ልጆች ናቸው፤ ከአባቶቻቸው ጋር በታንኳ ወጥተው ማታ የተጣለውን መረብ ጎትተው ነው የሚመጡት» አሉን። «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩንም?» ብንላቸው «መቼ ጠየቁኝ?» ብለው መለሱልን።

ከዚያ በኋላ መዝገብ ይዘን ለአንድ ወር ያህል የሚያረፍደውን እያንዳንዱን ልጅ በየተራ ጠየቅን። ዘበኛው የተናገሩት እውነት ሆኖ ተገኘ፤ ሙሉ እውነት ግን አልነበረም። ካረፋጆቹ መካከል ውኃ ቀድተው፥ ታናናሾቻቸውን አብልተው የሚመጡ ሴቶች ልጆችም ነበሩ፤ እነርሱን ማንም አላነሣቸውም ነበር። ከዚህ ሁለት ነገር ተማርን። አንደኛው፥ አስተዳዳሪው የማያውቀውን ዘበኛው ሊያውቅ እንደሚችል ነው፤ ይህ ትሕትናን ያስተምራል። ሁለተኛው፥ የአንድ ሰው ወሬ ሰምቶ መፍረድ እንደማይበቃ፥ ቆጥሮና አመሳክሮ ማረጋገጥ እንደሚያስፈልግ ነው፤ ይህ ደግሞ ትዕግሥትን ያስተምራል። ምርምር የሚባለው ነገር በመሠረቱ ትሕትናና ትዕግሥት በሥርዓት ሲያዙ ነው። እኛ ግን ይህን ያወቅነው የልጆቹ ጉልበት ከተላጠ በኋላ ነው።

ሳይጠይቁ መምራት ምን እንደሚያስከትል ይህ ሐይቅ ራሱ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1603 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገቡት ኢየሱሳዊው አባ ፔድሮ ፓኤዝ ግእዝንና አማርኛን ተምረው፥ ከሊቃውንቱ ጋር ተቀምጠው እየሰሙና እየተከራከሩ ኖሩ፤ በ1622 ዓ.ም. በጎርጎራ ሲያርፉም ያዘኑላቸው ብዙዎች ነበሩ። ከእርሳቸው በኋላ በ1625 ዓ.ም. የመጡት ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ በአገራቸው ያስተማሩ የታወቁ ሊቅ ነበሩ። የሕዝቡን የቆየ ሥርዓት ግን ሳያጠኑ በትእዛዝ ሊለውጡ ተጣደፉ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ አፄ ሱስንዮስም በ1632 ዓ.ም. ሕዝቡ ወደ ቀደመ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ለመፍቀድ ተገደዱ። ሁለቱም የተማሩ ነበሩ። ልዩነታቸው አንደኛው ከተማሩም በኋላ መማርን አለማቆማቸው ነው። እኛ ካቶሊካውያን ይህን ታሪክ በኀፍረት ብቻ ሳይሆን በማስተዋልም ልናስታውሰው ይገባል፤ ሳይጠይቅ የሚመራ ሊቅ ካልተማረ ሰው ይልቅ ሊጎዳ ይችላልና።

ከጎጃም ምድር ግን ሌላ ዓይነት ሊቅ ወጥቷል። ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል እ.ኤ.አ. በ1791 ዓ.ም. በዲቦ ተወለዱ፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ዓይናቸው አያይም ነበር። በመርጡለ ማርያም ገዳም ከመነኮሱ በኋላ አንድ ጥያቄ ዕረፍት ነሣቸው፤ የገዳም ሕይወት ለምን ተዳከመ? ይህን ለማወቅ ከገዳም ወደ ገዳም ዞሩ፤ መጻሕፍትን መረመሩ፤ በጎንደርም አስተማሩ። ጥያቄው እ.ኤ.አ. በ1841 ዓ.ም. ከቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ጋር አገናኝቷቸው እስከ ግብፅና እስከ ሮም፥ ከዚያም እስከ ኢየሩሳሌም አደረሳቸው። ያገኙትንም እውነት በ1855 ዓ.ም. በሰንሰለት ታስረው በመሞት መሰከሩለት፤ በ1926 ዓ.ም. ብፅዕና ታወጀላቸው። የምስክር ወረቀት አልነበራቸውም፤ ራሳቸው ግን ምስክር ሆኑ።

ከእርሳቸው የምንማረው ምርምር ከየት እንደሚነሣ ነው። አባ ገብረ ሚካኤል ጥያቄያቸውን ከሩቅ አላመጡትም፤ የኖሩበት ቤት ሲታመም አይተው ነው የጠየቁት። ዛሬ ግን ርዕሰ ጉዳይ እንደ ልብስ ከገበያ ሲመረጥ እናያለን፤ ለአማካሪው የሚቀል፥ መጠይቁ ቶሎ የሚሞላ፥ ሌሎች ደጋግመው ከሠሩት ጋር የሚመሳሰል ይፈለጋል። በየትምህርት ቤቱ መምህራን የሚጠየቁት ተግባራዊ ምርምርም ብዙ ጊዜ ለፋይል ተብሎ ይጻፋል፤ ፋይሉም ተቆልፎ ይቀመጣል። የራሱን ትምህርት ቤት ሕመም ያልጠየቀ ርዕሰ መምህር የሌላውን በሽታ ቢያጠና ምን ይጠቅመዋል?

ከዚህ ቀጥሎ ስለ እውነተኛነት እንናገር። ስምንተኛው ትእዛዝ በሐሰት መመስከርን ይከለክላል። ይህን ትእዛዝ ስናስተምር በፍርድ ቤት ስለሚቆም ሐሰተኛ ምስክር ብቻ የምናስብ ከሆነ ተሳስተናል። በገንዘብ ሌላ ሰው የጻፈውን የመመረቂያ ጽሑፍ በራሱ ስም የሚያቀርብ፥ ያልተጠየቁ ወላጆችን እንደተጠየቁ አድርጎ መጠይቁን ቤቱ ተቀምጦ የሚሞላ፥ አለቃው ደስ እንዲለው የተገኘውን ውጤት የሚለውጥ ሰው በሐሰት ይመሰክራል። ሐሰቱም እጥፍ ነው፤ ያልሠራውን ሠራሁ ይላል፥ ያልተናገሩትን ድሆች ተናገሩ ይላል። በዚህ ዓይነት በተገኘ ማዕረግ ትምህርት ቤት የሚመራ ሰው ተማሪ ሲኮርጅ ቢያገኝ በምን አንደበት ይገሥጸዋል? ልጆች የምንናገረውን ከመስማታቸው በፊት የምናደርገውን ያያሉ።

ምናልባት «ኑሮ ከብዷል፤ ማዕረጉ የደመወዝ ጭማሪ ያስገኛል፤ ሁሉም እንዲህ ያደርጋል» የሚል ይኖራል። ኑሮ መክበዱ እውነት ነው፤ በቂ ደመወዝ መፈለግም ኃጢአት አይደለም። የመምህሩን ድካም የማያይ አሠሪም በእግዚአብሔር ፊት ይጠየቃል። ነገር ግን ቤተሰቡን ለመመገብ በእውነት የተማረ ሰውና ቤተሰቡን ለመመገብ ሐሰት የሸጠ ሰው አንድ አይደሉም። ቅዱስ በርናርዶስ ዕውቀትን የሚፈልጉ ሰዎችን ለይቶ ሲያስተምር፥ ለማወቅ ብቻ፥ ለመታወቅ፥ ለመሸጥ፥ ሌላውን ለማነጽና ራስን ለማነጽ የሚማሩ እንዳሉ አመልክቶ ነቀፌታ የማያገኛቸው የመጨረሻዎቹ ሁለቱ እንደሆኑ ተናግሯል። እያንዳንዳችን ከየትኛው ወገን እንደሆንን ኅሊናችንን እንመርምር፤ ብዙዎቻችን ከአንድ በላይ በሆነው ስፍራ ራሳችንን ሳናገኝ አንቀርም።

ሦስተኛው ነገር መመለስ ነው። የጢስ ዓባይ ሰው ይህን በምሳሌ ሳይሆን በዓይኑ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. የመጀመሪያው፥ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ከተሠራ በኋላ የወንዙ ውኃ ወደ ቦዩ ሲገባ ፏፏቴው በበጋ እየሳሳ፥ ስሙን ያገኘበት ጢስ የማይታይበት ወቅት መጣ። ውኃው ጠፋ አንልም፤ ብርሃን ሰጥቷል፤ የሩቅ ከተማ አብርቷል። ገደሉ ግን ደርቋል። ከገጠር ትምህርት ቤት ወጥቶ የተማረ ሰውም እንዲሁ ነው። ወደ ቢሮ፥ ወደ ዩኒቨርሲቲ፥ ወደ ድርጅት ሲገባ ጥቅም አይሰጥም አንልም፤ የተነሣበት ግን ይደርቃል። ሁሉም ወደ ነበረበት ወንበር ይመለስ ብለን አንፈርድም፤ ጥሪው ልዩ ልዩ ነውና። ግን ከየት እንደተቀዳ የማያስታውስ ውኃ አይኑር። ጥናቱ ቢያንስ በሚገባቸው ቋንቋ ለወላጆቹና ለመምህራኑ ይነገራቸው፤ የጠየቃቸው ሰው መልሱን ይዞላቸው ይምጣ።

የባሕር ዳር ከፍተኛ ትምህርት አጀማመርም ይህንኑ ያስታውሰናል። ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የመምህራን ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1972 ዓ.ም. የአገራችን ንጉሣዊ መንግሥት ከዩኔስኮና ከተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ጋር በተዋዋለው ስምምነት ሲመሠረት ዓላማው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን ከገጠሩ ሕይወት ጋር የሚያስማሙ የመምህራን አሠልጣኞችን፥ ሱፐርቫይዘሮችንና የትምህርት መሪዎችን ማፍራት ነበር። ከፍተኛው ትምህርት የታሰበው ለታችኛው ነበር ማለት ነው።

ይህ እንደሚቻል ቅዱስ ዮሐንስ ደ ላሳል ያሳየናል። እ.ኤ.አ. በ1680 ዓ.ም. በነገረ መለኮት ዶክተር የሆነ፥ በሬምስ ካቴድራል ክብርና ገቢ የነበረው ካህን ሲሆን፥ ያን ክብር ትቶ፥ ሀብቱንም በረሃብ ዘመን ለድሆች አከፋፍሎ፥ ብዙ ሰው ከሚንቃቸው የድሃ ልጆች መምህራን ጋር ኖረ። ትምህርት ቤቶችን ስለመምራት ያዘጋጀው መጽሐፍም ልምድ ካላቸው ወንድሞች ጋር ለብዙ ዓመታት ተመካክሮ፥ የሠራውንና ያልሠራውን ለይቶ የተጻፈ ነው። በ1950 ዓ.ም. የመምህራን ሁሉ ባላደራ ተብሎ ተሰይሟል፤ በአዲስ አበባ የቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤትም የማኅበሩ ወንድሞች አገልግሎት ፍሬ ነው።

እንግዲህ ለዚያ ርዕሰ መምህር ልንመልስላቸው ይገባ የነበረው ይህ ነበር፤ ጥያቄው ከልጆቹ የተነሣ ከሆነ፥ መንገዱ ከሐሰት የጸዳ ከሆነ፥ መልሱም ወደ ልጆቹ የሚመለስ ከሆነ ይሂዱ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግን የሚያገኙት ወረቀት እንጂ ምስክር አይሆንም።

እርሳቸው ግን የእኛን መልስ አልጠበቁም። ከጥቂት ወራት በኋላ በቤታቸው ስንጎበኛቸው ጠረጴዛቸው ላይ አንድ ያረጀ መዝገብ አየን። ከትምህርት ቤታቸው ይዘውት የወጡት የተማሪዎች ስም መጥሪያ ነበር። በከተማው ከተጠለሉት የአካባቢያቸው ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ፥ በስልክም እየጠየቁ፥ በእያንዳንዱ ስም አንጻር ልጁ ያለበትን ይጽፋሉ፤ «ከአጎቱ ጋር»፥ «የቀን ሥራ»፥ «ተድራለች»፥ «አልታወቀም»። «ትምህርት ቤቱ ሲከፈት የትኛው ልጅ ይመለሳል? ሁለትና ሦስት ዓመት የቀረችውን የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ከትንንሾቹ ጋር አራተኛ ክፍል ብናስቀምጣት ትቆያለች? ጥናቴ ይህ ነው» አሉን። ትምህርቱንም ጀምረዋል። «አልታወቀም» የሚለው ቃል ግን በብዙ ስሞች አንጻር አሁንም አለ።

ውድ ምእመናንና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፤ እናንተም በየሰፈራችሁ ከተዘጉ ትምህርት ቤቶች የመጡ ልጆች አሉ። ስማቸውን፥ ከየት እንደመጡ፥ ስንተኛ ክፍል እንደነበሩ ጠይቁና ለቁምስናችሁ አሳውቁ። ይህን ለማድረግ ዲግሪ አያስፈልግም፤ የማንኛውም ዲግሪ መጀመሪያ ግን ይኸው ነው። መልካሙ እረኛ በጎቹን በየስማቸው የሚጠራ ነውና፥ እርሱ የአንዱም ስም እንዳይጠፋብን ይርዳን።